ቀዩ ቁልፍ

በሰባት ዓመቴ የአንድ ሰፈር መብራት በአንድ ጣቴ አጠፋ ነበር። እሺ፣ ሰፈር አይደለም፣ ቤት ነው። እሺ፣ ቤትም አይደለም፤ የመታጠቢያ ቤታችንን ሶኬትና ከእሱ ወዲያ የታሰረውን ነገር ነው። ግን ገና የወተት ጥርሷን ያልጨረሰች ልጅ ያን ያህል ካጠፋች፣ ሰፈሩም ቢሆን ብዙ አልቀራትም።

የሚያውቁኝ ሰዎች ወሬዬን ለሁለት ከፍለው ነው የሚሰሙት። ሦስት ሺህ ቤት መብራት አስገብቻለሁ ስል አንድ ሺህ አምስት መቶ ብለው ይይዙልኛል። አልቀየማቸውም፤ ገና ቢቀንሱም ያዋጣቸዋል። በዚህ ሙያ ከኔ የሚበልጥ ሰው አልተፈጠረም የምለውን ግን ባይነኩብኝ ደስ ይለኛል። ማለቴ፣ ተፈጥሯል። አንድ። አባቴ ነው። ይህቺን ቃል ከአፌ ለማውጣት ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ፈጅቶብኛል።

ያን ጊዜ እናቴ ከሆስፒታል የተመለሰችው ከአንድ እንግዳ ጋር ነበር። እንግዳው ኮመዲኖ የሚያክል የኦክስጅን ማሽን ነው። አልጋዋ አጠገብ ተቀምጦ ቀን ከሌት ያንኮራፋል፤ ከሆዱ የወጣ ቀጭን ቱቦ እናቴ አፍንጫ ድረስ ይሄዳል። ሆስፒታሉ በውሰት የሰጠን አሮጌ ማሽን ነበር። ችግር ሲገጥመው መጮህ ነበረበት አሉ፤ ጩኸቱ ግን እኛ ቤት ከመድረሱ በፊት ተበላሽቷል። ለኔ ይህ ሁሉ ምኔ ነው? ማሽኑ ውስጥ የሆነ የደከመው ፍጡር የተኛ ይመስለኝ ነበር። እሱን ያሳመመችው እናቴ ትሁን፣ እናቴን ያሳመማት እሱ ይሁን፣ አልለየልኝም።

ማሽኑ በገባ በሦስተኛው ቀን አባቴ አንድ ሶኬት ይዞ መጣ። እንደሌላው ሶኬት አይደለም፤ ፊቱ ላይ ሁለት ትንንሽ ቁልፎች አሉት፣ አንዱ ጥቁር አንዱ ቀይ። መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ተንበርክኮ የድሮውን ሲፈታ ካቻቢቴውን የማቀብለው እኔ ነበርኩ። ያለ እኔ ሥራው አይሠራም ነበር። በቃ፣ እንደዚያ ነው የማስታውሰው።

«ይሄ ምን ይሠራል አባዬ?»

«ይቆጥራል። በአንዱ ሽቦ የሄደው በሌላው ሽቦ ተመልሶ መምጣት አለበት። ትንሽ ከጎደለ፣ 'የት ገባ? ሰው ውስጥ ነው የገባው!' ይልና ዓይንሽን ሳትጨፍኚ ድርግም ያደርገዋል።»

«ማን ነው የሚቆጥረው?»

ፊቱን ሳያዞር፣ «ውስጡ አንድ ሽማግሌ አለ» አለኝ፤ «በጣም ተጠራጣሪ ነው። የገዛ ሚስቱን አያምንም።»

«እየሰማሁ ነው!» አለች እናቴ ከግድግዳው ወዲያ። መኝታ ቤቱና መታጠቢያ ቤቱ የሚለዩት በአንድ ግድግዳ ብቻ ነበር።

ሽማግሌውን አመንኩት። ለአቅመ ማፈር እስክደርስ ድረስ ሶኬት ባየሁ ቁጥር በልቤ ጤና ይስጥልኝ እል ነበር።

ከሶኬቱ ጀርባ ሁለት ጥንድ ብሎን አለ። በአንደኛው ጥንድ ከቆጣሪ የመጣው ሽቦ ይታሰራል፤ ከሌላኛው ጥንድ የሚወጣው ደግሞ ወደ ቀጣዩ ሶኬት ይሄዳል። በዚህኛው የታሰረ ሁሉ በሽማግሌው ጥበቃ ሥር ነው። አባቴ ግድግዳውን ሰርስሮ ሽቦውን በእናቴ አልጋ ራስጌ ወዳለው ሶኬት አሳለፈው። ማሽኑ የሚሰካው እዚያ ነው።

ያን ዕለት አጎቴ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ቤቱን ቀለም ሊቀባልን መጥቶ ነበር። በሩ ላይ ቆሞ ሲያይ ቆየና፣

«ማሽኑን ለብቻው በቀጥታ ብታስረው አይሻልም?» አለ።

«እጇ ከውሃ አይለይም ጋሼ። ፊቷን የምትታጠበው አልጋ ላይ ነው፣ ሳህኑ ጭኗ ላይ ተቀምጦ። ጠባቂ የሌለው ሶኬት አጠገብ እንዴት አድርጌ ልተዋት?»

ዛሬ ከኔ ሥር የሚማር ልጅ የሰው ትንፋሽ የያዘ ማሽን ራሱን ከሚያጠፋ ሶኬት ኋላ ቢያስር ካቻቢቴውን ነጥቄ ነው የማባርረው። አባቴም ይህን ሳያውቀው ቀርቶ አይደለም። ግን የፈራው ውሃውን ነበር፤ አንዱን ፍርሃት ሲያባርር ሌላው በየት በኩል እንደገባ አላየውም።

አጎቴ እናቴ የመረጠችውን ሰማያዊ ቀባ። ቀባ ማለት ይከብደኛል፤ አፈሰሰው ማለት ይቀላል። ግድግዳውን ጨርሶ የመታጠቢያ ቤቱን ሶኬት ክዳን፣ የክዳኑን ብሎኖች ሳይቀር አለበሳቸው።

«ጋሼ፣ ሶኬትም ቀለም ይጠጣል እንዴ?»

«ከግድግዳው ጋር ይመሳሰል ብዬ ነው፤ ደግሞስ ማን ሊፈታው ነው?»

እናቴ ከአልጋዋ ሳቀች። ሳቋ ሳል ሆነ፣ ሳሉ እንደገና ሳቅ ሆነ። ከዚያ በኋላ እንደዚያ ስትስቅ አልሰማኋትም።

እንግዲህ ወደ ሹመቴ ልምጣ። ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ሶኬቱ ይፈተሻል። አባቴ መጀመሪያ ረጅም ገመድ ከኮሪደሩ ሶኬት ይስብና ማሽኑን ከራስጌው ነቅሎ እዚያ ላይ ይሰካዋል። ለምን ብዬ ስጠይቀው «ትንሽ ሽርሽር ይሂድ፤ አንድ ቦታ ተቀምጦ ሰልችቶታል» አለኝ። ከዚያ፣

«የቁልፍ ሹሟ ትምጣ!» ብሎ ይጣራል።

በርጩማዬን ይዤ እገባለሁ። እወጣበታለሁ። መታጠቢያ ቤቱ ሶኬት ላይ ትንሽ መብራት ሁልጊዜ ተሰክታ ትበራለች። ጥቁሩን ስጫነው፣ ጠቅ! መብራቷ ጠፋች። ሽማግሌው ነቅቷል ማለት ነው። ቀዩ ግን መከራ ነበር። ጣቴ ነጭ እስኪሆን ብገፋው አይገባም። ያኔ አባቴ አውራ ጣቱን አውራ ጣቴ ላይ ያስቀምጥና «አንድ፣ ሁለት…» ይላል፤ ሦስት ሳይል ጠቅ ብሎ ይገባል። መብራቷ ትመጣለች። እኔ ነኝ ያበራሁት ብዬ በየቤቱ አወራ ነበር፤ ስለ አባቴ አውራ ጣት ትንፍሽ አልልም።

ሽርሽሩን ሦስት ጊዜ ሄድን። ነገሩ ምን እንደነበር ባስረዳኝ ይሻል ነበር። ግን የእናቷ ትንፋሽ በአንድ ገመድ ላይ እንደተንጠለጠለ ለሰባት ዓመት ልጅ ምን ተብሎ ይነገራል? ቀልዶ አለፈው።

ቀኑ ፀሐያማ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ነው። አባቴ መድኃኒት ቤት ሊሄድ ሲወጣ፣

«እናትሽ ተኝታለች። አጠገቧ ሁኚ፣ ሹሟ» አለኝ።

ሁለቱ የፊት ጥርሶቿ ስለወለቁ ጥርሶ የምንላት የጎረቤት ልጅ መጣች። የደጃችን ደረጃ ላይ ቁጭ ብለን አባት ማወዳደር ጀመርን።

«የኔ አባት አውቶቡስ ይነዳል» አለች። «ሃምሳ ሰው አሳፍሮ በአንድ እግሩ ቀጥ ያደርገዋል።»

«እኔ ራሴ በአንድ ጣት መብራት አጠፋለሁ።»

«ማብሪያ ማጥፊያውን ነዋ! እሱንማ ወንድሜም ያጠፋል፤ ገና ሽንቱን አልለየም።»

«ማብሪያ ማጥፊያ አይደለም። ከግድግዳው ውስጥ ነው የማጠፋው። ሽማግሌ አለኝ።»

«ውሸታም።»

«እኔ ነኝ ውሸታም? ነይ!»

ዕድሜዬን ሙሉ ውሸታም ተብያለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ በእውነትም ስለሆንኩ ነው። ያን ቀን ግን እውነቴን ነበር።

በርጩማዬን ከወጥ ቤት አመጣሁ። ወጣሁ። ጥርሶን ዞር ብዬ በኩራት አየኋት። ጥቁሩን ተጫንኩት። ጠቅ። መብራቷ ጠፋች። ጥርሶ አፏን ከፈተች፤ የወለቀው ጥርሷ ቦታ ሁሉ ታየኝ። ሕይወቴን ሙሉ እንደዚያ ያጨበጨበልኝ ሰው የለም።

«በይ መልሺው» አለች።

ቀዩን ገፋሁት። አልገባም። በሁለት አውራ ጣቴ፣ ከዚያ በመዳፌ፣ ከዚያ በክርኔ ሞከርኩ።

«አየሽ! ማጥፋት እንጂ ማብራት አትችዪም!»

«እችላለሁ። ሽማግሌው ደክሞት ነው፤ ይረፍ ብዬ ትቼው ነው።»

ከበርጩማው ወረድኩ። ስንወጣ በእናቴ በር በኩል አለፍን። ቤቱ ጸጥ ብሏል። ማሽኑ አያንኮራፋም። እሱም ተኝቷል ብዬ አሰብኩና ጣቴን አፌ ላይ አድርጌ ጥርሶን «ሽሽ፣ እማዬ እንዳትነቃ» አልኳት። በእግራችን ጣት እየረገጥን ወጣን። ያን ያህል ተጠንቅቄ የሄድኩበት ቀን የለም።

ደጅ ላይ ስንጫወት አባቴ ተመለሰ። ጠቅልሎ የያዘውን መድኃኒት እያሳየኝ አለፈ። ትንሽ ቆይቶ የሆነ ነገር ወለል ላይ ሲወድቅ ሰማሁ። ከዚያ ሩጫ። ከዚያ ከመታጠቢያ ቤቱ፣ ጠቅ። ማሽኑ ማንኮራፋት ጀመረ። አባቴ የእናቴን ስም ጠራ። ደግሞ ጠራ። እስከዚያ ቀን ድረስ በስሟ ሲጠራት ሰምቼው አላውቅም ነበር፤ «አንቺ» ነበር የሚላት። ብዙ ጊዜ ጠራት። ከዚያ የሚሰማው የማሽኑ ማንኮራፋት ብቻ ሆነ።

ጥርሶ ወደ ቤቷ ሮጠች። እኔ በሩ ላይ ቆምኩ። አባቴ ከመታጠቢያ ቤቱ ወጣ። በርጩማዬን ሕፃን እንደሚታቀፍ ደረቱ ላይ አቅፏታል። ወጥ ቤት ገባና ጠረጴዛው ሥር፣ ዘወትር በምትቀመጥበት ቦታ፣ በቀስታ አስቀመጣት። እግሮቿን ሳይቀር አስተካከለ። ገና አላለቀሰም ነበር። ከዚያ ዞሮ አየኝ።

«እጅሽን ታጠቢ» አለኝ።

በርጩማዋን ውሃ ያለበት ቦታ ስለተውኳት የተቆጣ መሰለኝ። እጄን ታጠብኩ።

አጎቴ የመጣው ቤቱ በሰው ከመሞላቱ በፊት ነው። ወጥ ቤት ቆመው ሲነጋገሩ እኔ ጠረጴዛው ሥር በርጩማዬ ላይ ነበርኩ፤ የሚታዩኝ እግሮቻቸው ብቻ ናቸው። ያጎቴ ጫማ ላይ ሰማያዊ ቀለም ነበረ።

«ማሽኑ ቆሞ ነበር?»

«አዎ።»

«ለምን ይቆማል?»

የአባቴ እግሮች ወደ ጠረጴዛው፣ ወደ እኔ፣ ዞሩ።

«የመታጠቢያ ቤቱን ሶኬት ብሎን አላጠበቅኩም» አለ። «ሽቦው ላልቶ ነው።»

«አንተ? አንተ ብሎን ሳታጠብቅ?»

«እኔ።»

«ሰውዬ፣ እያሾፍክ ነው?» ያጎቴ ድምፅ ተሰነጠቀ። «አንዲት እህቴን በአንዲት ብሎን?»

«በአንዲት ብሎን፣ ጋሼ።»

ቀለም የነካቸው ጫማዎች ወጥተው ሄዱ። ከቀብሩ በኋላ ቤታችን ደፍ ላይ አልቆሙም። እኔም ጠረጴዛው ሥር ሆኜ ነገሩን በራሴ መንገድ ፈታሁት፤ ሽማግሌው በላላው ብሎን በኩል ሾልኮ አምልጧል፣ ያስመለጠው ደግሞ አባቴ ነው።

አባቴ ከዚያ በኋላ ካቻቢቴ አልያዘም። ወሬው ከአጎቴ አፍ ወጥቶ ሰፈሩን ቀድሞት ስለዞረ የሚጠራውም አልነበረም። የመጋዘን ጠባቂ ሆነ። ቤታችን አምፖል ሲቃጠል የምቀይረው እኔ ነበርኩ፤ እሱ ወንበሩን ይይዝልኛል። አደግኩ፣ በሽማግሌውም ማመኔን ተውኩ። በብሎኑ ግን ማመኔን አልተውኩም።

አሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላኝ፣ በምን እንደተጣላን እንኳ አላስታውስም፣ ምሳ ቀርቦ ሳለ ተነሥቼ ቆምኩና፣

«እናቴን የገደልካት አንተ ነህ!» አልኩት። «አንዲት ብሎን ማጥበቅ አቅቶህ!»

ማንኪያውን አስቀመጠ።

«አዎ» አለ። ከዚያ፣ «ብዪ፤ ይቀዘቅዝብሻል።»

ይህን ሙያ የያዝኩት እሱን ለማናደድ ነው። እሱ ያላጠበቀውን ሁሉ እኔ ላጠብቅ። ብሎን ሁለት ጊዜ ነው የማጠብቀው፤ የሠራሁት ቤት ቢፈርስ እንኳ ሶኬቱ በአየር ላይ ይቆማል እላለሁ። የማስተምራቸውን ልጆች በመጀመሪያው ቀን ሰብስቤ የምነግራቸው ታሪክ ነበረኝ። «ብሎን ሳያጠብቅ ሚስቱን የገደለ ኤሌክትሪሺያን አውቃለሁ» እል ነበር። እንዴት አድርጌ እንደማወራው! በየዓመቱ አንዳንድ ነገር ጨምሬበት፣ መጨረሻ ላይ ሰውየው ሰክሮ ነበር እስከማለት ደርሼ ነበር። በአባቴ አፍ አልኮል ዞሮ አያውቅም።

ዘንድሮ ጉልበቱ ደረጃ አልወጣ ሲለው ወደ እኔ ቤት አመጣሁት። የድሮው ቤት ሊታደስ ስለሆነ የመብራት መስመሩን ልፈታ ብቻዬን ሄድኩ። ዋናውን ብሬከር አጥፍቼ መታጠቢያ ቤት ገባሁ። የተንበረከክኩት እሱ በተንበረከከበት ቦታ ላይ ነበር።

ካቻቢቴዬ የክዳኑን ብሎን አልይዝ አለኝ። የብሎኑ ራስ በሰማያዊ ቀለም ተደፍኗል፤ ያው ያጎቴ ቀለም፣ እናቴ የመረጠችው፣ በላዩ ላይ ሌላ ቀለም ያልተደረበበት። በምላጭ ዙሪያውን ስፍቅ አንድም ስንጥቅ አልነበረውም። ያ ክዳን አጎቴ ከቀባው ቀን ጀምሮ አልተከፈተም። ላላ የተባለውን ሽቦ መልሶ ያሰረ ሰው የለም ማለት ነው።

ክዳኑን አንሥቼ ሶኬቱን ከግድግዳው ሳብኩት። የመጣው ሽቦ በመጪው ብሎን፣ የሚሄደው ሽቦ በሂያጁ ብሎን ታስሯል፣ ሁሉም በቀኝ በኩል ተጠምዝዞ፣ እርቃኑን የቀረ አንዲት ፀጉር የምታህል ሽቦ ሳይኖር። ልፈታው ሞከርኩ፤ አልንቀሳቀስ አለ። ሰውነቴን ሙሉ ጫንኩበት፤ ሰውነቴ ደግሞ ትንሽ አይደለም። ያኔ ነው እየጮኸ የተላቀቀው።

እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ የመጣብኝ ኩራት ነው። «እንዲህ ያለ እጅ!» አልኩ ጮክ ብዬ፣ ባዶ ቤት ውስጥ። አንድ ሺህ አምስት መቶ ቤት ገብቼ እንደዚያ ያለ እስር አላየሁም።

ከዚያ በርጩማዋ ትዝ አለችኝ።

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ብሎኑ ካልላላ ማሽኑን ያቆመው ምን ነበር? ያን ቀን አባቴ ሲገባ የሰማሁት ጠቅታ የቀዩ ቁልፍ ነው። ሥሩ የቆመችውን በርጩማ አይቷል። ሚስቱ ከግድግዳው ወዲያ ሳለች፣ ከማልቀሱ በፊት፣ ሰው ከመምጣቱ በፊት፣ በርጩማዋን ወደ ቦታዋ መልሶ እግሮቿን አስተካከለ።

ሐኪሙ «ቀኗ አጭር ነው» ብሎ ነበር አሉ። ምናልባት እኔ በርጩማዋ ላይ ሳልወጣ ሄዳ ነበር። ምናልባት። ነገርን ማሳነስ የማውቅበት ሙያ አይደለምና ይህን ለሌላ ሰው እተወዋለሁ። አጎቴም ቢሆን የሚጠይቀው የለም፤ የገዛ ብሩሹ የጻፈውን ምስክርነት ሳያነብ ከሞተ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል።

ሶኬቱን በሳጥን ውስጥ ገጥሜ፣ ገመድ ቀጥዬበት፣ ያችኑ የምታህል ትንሽ መብራት ሰክቼበት ለአባቴ አመጣሁለት። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ጭኑ ላይ አስቀመጥኩለት። አገላብጦ አየው። ጣቶቹ ወዲያው አወቁት።

«ማን ነው የፈታው?»

«እኔ።»

«ዋናውን ሳታጠፊ?»

«አጥፍቼ ነው፣ አባዬ።» አጠገቡ ተቀመጥኩ። «ጠብቆ ነበር። አራቱም ብሎን ጠብቆ ነበር። ቀለሙም አልተነካም።»

መስኮቱን አየ።

«አንቺ ስትፈቺው ተሳስተሽ ይሆናል» አለ።

«እኔ? እኔ ልሳሳት?»

«ሰው ይሳሳታል።» ሳጥኑን ጭኑ ላይ አስተካከለና፣ «ላላም ጠበቀም፣ ማሽኑን ከእሱ ኋላ ያሰርኩት እኔ ነኝ። ሌላው ትርፍ ነገር ነው።»

«በርጩማዋስ?»

«የትኛዋ በርጩማ?» አለ። ጥያቄዬ ሳያልቅ ነው ያለው።

ላጎንብስ፣ እግሩን ልያዝ፣ እንደዚያ ያለ ነገር አስቤ ነበር። በመንገድ ላይ ሆኜ የተዘጋጀሁበት ረጅም ንግግርም ነበረኝ፤ እኔን የምታውቁኝ መቼም ምን ያህል ረጅም እንደሚሆን አትጠራጠሩም። ገና አፌን ሳልከፍት አባቴ ጥቁሩን ቁልፍ ተጫነ። ጠቅ። መብራቷ ጠፋች።

«ይሠራል» አለ።

አውራ ጣቱን ቀዩ ላይ አደረገ። ገፋው። አልገባም። ጥፍሩ ነጭ እስኪሆን ገፋው። አየኝ። አውራ ጣቴን አውራ ጣቱ ላይ አስቀመጥኩ።

«አንድ» አለ። «ሁለት…»

ገባ። መብራቷ በራች፤ ፊቱ ላይ በራች። ሁለታችንም እጃችንን ቶሎ አላነሣንም።

«በይ እጅሽን ታጠቢ» አለኝ በመጨረሻ፤ «ምሳ ይቀርባል።»

እጄን አየሁት፤ ጥፍሮቼ ሥር ሁሉ ሰማያዊ ቀለም ገብቷል። ሄጄ ውሃውን ከፈትኩ። ምሳው እስኪቀዘቅዝ ድረስ አልተመለስኩም።